ክምር ሁሉ ይሞቃል

ሰው ሁሉ የድርቆሽ ሽታ ደስ ይላል ይላል። እኔን ደስ አይለኝም። ባለፈው ሳምንት አዘዞ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ ድርቆሽ እስከ አንገቱ የጫነ ማኪና መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ "እሰይ! አገር አገር ይሸታል" አለች። እኔ አፍንጫዬን በነጠላዬ ያዝኩ። ላይ ላዩን የሚሸተው የደረቀ ሣር ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ብቅል ሲታመስ ሲያርር የሚሸተው ዓይነት፣ ጣፋጭ የሆነ ክፉ ሽታ። ሾፌሩን ጠጋ ብዬ "ወንድሜ፣ ይሄ ድርቆሽ እርጥቡን ነው የታሰረው፤ ሳይውል ሳያድር በትኑት" አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና "እህቴ፣ የድርቆሽ ሐኪም ነሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሰዉም አብሮት ሳቀ። እኔም ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ፤ እስከ ፒያሳ ድረስ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ቤታችን ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ቁልቁል ወረድ ሲባል። ከእኛ ቤት በታች ያለው ሜዳ የወል ነው፤ ክረምቱን ከብት ሳይገባበት ይከርምና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል። ሣሩ ሲደርቅ ደቦ ይጠራል፣ ይከመራል። የሚከምሩት ደግሞ አባባ ነበሩ፣ የአባቴ አባት፣ አገሩ ሁሉ አያ ተገኘ የሚላቸው። አያ ተገኘ ያልከመሩት ድርቆሽ በእኛ ሰፈር ድርቆሽ ተብሎ አይቆጠርም። ጎበዞቹ ከታች በመንሽ ይወረውሩላቸዋል፤ እሳቸው ከላይ ሆነው ይቀበላሉ፣ ይረግጣሉ፣ ዙሪያውን ያስተካክላሉ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጎጆ ክዳን ሾጠጥ አድርገው ይዘጉታል። የፈለገ ዝናብ ቢጥል ውስጡ ጠብ አይልም።

ሲጨርሱ የሚወርዱት በገመድ ነው። ገመዱ በክምሩ ጫፍ ላይ ተሻግሮ ይጣላል። በአንዱ በኩል አባባ ይይዙታል፣ በወዲያኛው በኩል አንድ ሰው ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቀስ እያለ ይለቅላቸዋል። ያ ሰው ሁልጊዜ አባዬ ነበር። ሌላ ሰው ገመዳቸውን አያስይዙም። እኔ ደግሞ ገመዱ አባባን የሚያወርድ ሳይሆን እንዳይበሩ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። ጋቢያቸው ከላይ በነፋስ ሲውለበለብ እያየሁ፣ አባዬ ለቀቅ ቢያደርግ አሞራ ሆነው ወደ ሰማይ የሚሄዱ እየመሰለኝ የአባዬን ልብስ ጨምድጄ እይዝ ነበር።

ያን ዓመት ማሽኑ መጣ። የሜዳው ባለቤቶች የወተት ላም ማኅበር አቋቁመው ነበርና፣ ማኅበሩ ከትራክተር ኋላ የሚጎተት የድርቆሽ ማሰሪያ አስመጣ። አባዬ፣ ሰዉ አስማማው የሚለው፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ ትራክተርም የሚነዳ ስለነበር ሥልጠና ላኩት። ሲመለስ ኮፍያ አድርጎ መጣ፤ ከማሽኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እማዬ "ኧረ ሁለተኛ ሚስት ይዞብኝ መጣ!" እያለች ትስቅበት ነበር። ያኔ ገና እንስቅ ነበር።

ሲሠራ ለማየት አገር ወጣ። ማሽኑ ታጭዶ የተደረደረውን ሣር እየለቀመ ይውጥና ሆዱ ውስጥ ያሽከረክረዋል። ጋቢናው ውስጥ፣ ከመሪው ጎን፣ ስክሪን አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር ቀስ በቀስ ሲሞላ ይታያል። ሲሞላ ይጮኻል፤ አባዬ ያቆማል፤ ማሽኑ ራሱ በጥቅሉ ላይ መረብ ይጠመጥምበታል። ከዚያ ከኋላው ይከፈትና ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ድርቆሽ ዱብ ያደርጋል። እኛ ልጆቹ "ጣለች! ጣለች!" እያልን እንጨፍራለን፣ ልክ ዶሮ እንቁላል የጣለች ይመስል።

አባዬ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስክሪኑን አሳየኝ። "ይሄውልሽ ሰርኬ፣ አረንጓዴ ሲሆን ሣሩ ደረቅ ነው ማለት ነው። ቀይ ሆኖ ጢጥ ጢጥ ካለ እርጥብ ነው። ሆዱ ውስጥ ሴንሰር አለ፤ እሱ ነው የሚነግረኝ።" እኔ ሴንሰር የሚባል ትንሽ ሰውዬ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ መሰለኝ። ጨለማ ውስጥ ብቻውን መዋሉ አንጀቴን በላው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ከኪሴ ቆሎ እየቆነጠርኩ በጎኑ ባለች ቀዳዳ አጎርሰው ነበር። ጊዜው ጾመ ጽጌ ነው፤ ይጹም አይጹም አላውቅም፣ ግን ቆሎ ለማንም ይሆናል ብዬ ነው።

አባባ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መንሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያያሉ። ማንም አልጠራቸውም። ሰዉ ሁሉ ማሽኑን ሲከብ ጀርባውን ለእሳቸው ሰጥቶ ነበር። ይህን አባዬ አላስቻለውም። ትራክተሩን አቁሞ ወረደና ሄዶ ጎንበስ ብሎ "አባባ፣ ምነው እዚህ ተቀመጡ? ይምጡ ከእኔ ጋር፤ እርስዎ ይዘዙኝ" አላቸው። ደግነት ሰው ይገድላል ቢሉኝ አምናለሁ። አባቴን የጎዳው ይሄ "ይዘዙኝ" ያለው ቃል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጤዛው ገና ሳይነሣ፣ አባባ ጋቢና ውስጥ ከአባዬ ጎን ተሰየሙ። እኔ በሁለቱ መሃል ተሸጉጫለሁ። አባባ ሣር በጤዛ ካልተሰበሰበ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ለላም የሚቀርላት እንጨቱ ነው ባይ ናቸው። በመንሽ ለሚከመር ድርቆሽ እውነታቸውን ነው። ልቅ ክምር ይተነፍሳል፤ ጤዛው ውሎ አድሮ ይወጣል። ማሽኑ ግን ጨምቆ፣ ጠፍንጎ ነው የሚያስረው፤ የገባ እርጥበት መውጫ የለውም። ይህን እኔ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባዬ ግን ያኔም ያውቅ ነበር።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

"ምነው ይህ ነገር ያላዝናል?" አሉ አባባ።

"እርጥብ ነው እያለ ነው፣ አባባ። ትንሽ ፀሐይ ቢመታው ይሻላል።"

"ማነው የሚለው?"

"ማሽኑ ነዋ።"

"እሱ ሣር በልቶ ያውቃል?"

የጋቢናው በር ክፍት ነበርና ውጭ የቆሙት ሁሉ ሰሙ። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዘለቀ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ኧረ አያ ተገኘ፣ አንጀት ያርሳሉ!" አለ። አባዬም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። አባባ ሰዉ ሲስቅላቸው ደረታቸው ተነፋ፤ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም ነበር። "በል ዝም አሰኘው!" አሉት። አባዬ አባቱን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረገ። ጢጥታው ጠፋ። ቀዩ ግን አልጠፋም። እኔ ሴንሰር ቆሎ ስላላጎረስኩት ያኮረፈ መሰለኝ።

እንዲህ እየተባለ ሜዳው በጤዛ ታሰረ። መደርደሩ ላይም አባባ አዛዥ ሆኑ። አባዬ "በጥቅሉና በጥቅሉ መሃል ክፍተት እንተውለት፣ ነፋስ ይግባው" ሲል "ክፍተት ያለው ክምር የዝናብ ቤት ነው" አሉት። ጥቅሎቹ ተጠጋግተው፣ ተደራርበው፣ ከላይ በሸራ ተሸፈኑ። አባባ ዙሪያውን ዞረው በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉትና "ሸጋ ክምር!" አሉ። የማኅበሩ ላሞች ሁሉ የበጋ ቀለብ እዚያ ሸራ ሥር ነበር፣ የእኛ ላም የቡሬም ጭምር።

የጥቅምት ብርድ መቼም ይታወቃል። ጠዋት ጠዋት እጃችን ይቆረፍዳል። እኔ ታዲያ አንድ ምስጢር አገኘሁ፦ እጄን በጥቅሎቹ መሃል ስከት ይሞቃል። የሰፈሩ ድመት ሁሉ እዚያ ገባ። ደግሞ ይሸታል፣ እንደ ብቅል ይጣፍጣል። ድርቆሹ እንደ ላም ነፍስ ያለው፣ ሸራ ለብሶ የተኛ መሰለኝ። ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። መጡና ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ቆዩ። አወጡና ጣቶቻቸውን አሸተቱ፣ ከዚያ በጋቢያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ክምር ሁሉ ይሞቃል" አሉኝ። "ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ በከንቱ ይጨነቃል።" እኔ ለአባዬ ያዘኑለት መስሎኝ ወደድኳቸው። አቤት፣ እንዴት እንደወደድኳቸው!

አባዬ ያወቀው ኅዳር አምስት ቀን፣ የቁስቋም ዋዜማ ዕለት ነው። ማምሻው ላይ አቅፎኝ እጅጌዬ ሸተተው። "የት ነበርሽ?" አለኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ወሰድኩት። ረጅም የፌሮ ብረት አምጥቶ ጥቅሉ ልብ ውስጥ ሰደደው፤ አቡነ ዘበሰማያት የሚያደርስ ያህል ቆይቶ መዘዘው። በመዳፉ ያዝ ሲያደርገው ጮኾ ጣለው። ከዚያ በቀጥታ ወደ አባባ ቤት። እኔም ከኋላው። አቶ ዘለቀ እዚያው ቁጭ ብሎ ከአባባ ጋር ጠላ ይጠጣል።

"አባባ፣ ድርቆሹ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው። ነገ በጠዋት ፈርሶ መበተን አለበት።"

"ነገ ቁስቋም ናት" አሉ አባባ።

"አውቃለሁ። ግን ይቃጠላል።"

"እዚህ ደጇ ላይ ተወልደህ፣ እዚሁ ክርስትና ተነሥተህ፣ በበዓሏ ቀን ሞተር ልታስነሣ?"

"ይቃጠላል እኮ ነው የምልዎ!"

"ክምር ሁሉ ይሞቃል!" ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ መቱት። "ዕድሜዬን ሙሉ ከምሬያለሁ። አንተ የትናንቱ ልጅ በማሽን ልታስተምረኝ ነው?"

አቶ ዘለቀ "ተው አስማማው፣ አያ ተገኘ ካሉ አሉ ነው። ከነገ ወዲያ እናየዋለን" አለ። አባዬ "በእጄም ቢሆን አወጣዋለሁ" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

"ሂድ!" አሉት። "ሂድ እንጂ። ከዛሬ ጀምሮ ግን አባቴ ብለህ እንዳትጠራኝ።"

እንዲህ ያለ ቃል በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባዬ በሩን እንደያዘ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። የተቃጠለ መዳፉን በሌላው እጁ ጨብጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።

በማግሥቱ ሁላችንም ነጭ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን ነን። ከበሮው ይመታል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው። አባዬ እየጸለየ አልነበረም፤ ዓይኑ ቁልቁል ነው። እኔም እሱ ወደሚያይበት ሳይ ከሜዳው ቀጭን ጭስ ሽቅብ ይወጣል። በኅዳር አሥራ ሁለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እየሰበሰበ ስለሚያጤስ፣ "እማዬ፣ ኅዳር ዛሬ ነው እንዴ የሚታጠነው?" አልኳት። አባዬ ሰማኝ። ነጠላውን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ሁሉ አይቷል፤ ያላየው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። አባዬ ትራክተሩን አስነሥቶ ዳር ዳሩን ከእሳቱ ሊያተርፍ ገባ። ሰዉ ከነነጠላው ወደ ሜዳው ሲወርድ የሰማው የሞተር ድምፅ ነው። ያየው፣ አባዬ አንዱን ጥቅል ስቦ ሲያወጣ ነው። ውስጡ ፍም ሆኖ የቆየ ድርቆሽ ነፋስ ሲያገኝ ቦግ አለ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። በእጁ ሸራውን ሊገፍ ሲታገል ሸራው እጁ ላይ ቀለጠበት። አንዲት ሴትዮ ደረቷን እየመታች "እግዚኦ! ሲነካው ነደደ! ቁስቋም አቃጠለችው!" ብላ ጮኸች። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። እሳቱ ሳይጠፋ ፍርዱ አለቀ።

በሳምንቱ ማኅበሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እኔ ሴንሰር ከማሽኑ ሆድ ወጥቶ የሚመሰክር መስሎኝ፣ ቆሞ ወደነበረው ማሽን አሥር ጊዜ እዞር ነበር። አዋቂዎቹ "ይህ ሰው በዓል ሽሮ ሞተር አስነሣ፣ የላሞቻችንን ቀለብ አስበላ" ይላሉ። አቶ ዘለቀ ጠላውን የጠጣ አፉን ዘግቶ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ወደ አባባ ዞሩ። "አያ ተገኘ፣ ልጅዎ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?"

አባዬ ቀና አለ። ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። አባቱን እንዴት እንዳያቸው አልረሳውም፤ እንዳይክዱት አይደለም፣ እንዲናገሩለት እንኳ አይደለም፣ ብቻ እንዲያዩት ነው የፈለገው።

አባባ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እኔ በዓል አይሻርም ብዬዋለሁ" አሉ።

ይኸው ነው። አንድም ሐሰት የለበትም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ቢዋሹ እኮ ይሻለኝ ነበር። አቶ ዘለቀ የማሽኑን ቁልፍ ጠየቀ። አባዬ በፋሻው እጁ ኪሱን መክፈት ስላልቻለ ቁልፉን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስንገባ እማዬ ፈነዳች። "ምነው ዝም አልክ? ተናገር እንጂ! ወንጌሉ በሰንበት ጉድጓድ የገባን በሬ አውጣ አይልም ወይ? ዋዜማውን ለምነሃቸው የለም ወይ?"

"አባቴን ባደባባይ ላዋርዳቸው?"

"እሳቸው አንተን አዋርደውህ የለ!"

ለአባዬ የነፍስ አባቱ ንስሐ ሰጡት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ሲሰግድ ሰው እያየው ያልፋል። መሬቱን የሚነካው በፋሻ እጁ ነበር። ቡሬን ቀለብ ስለሌላት ሸጥናት፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ላሙን እየሸጠ እኛን ይረግማል። ትምህርት ቤት ስሜ ቀረና "የበዓል ሻሪው ልጅ" ሆንኩ። አባባ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጠው ሰው ጉልበት ይስማቸዋል። እኔም እንድስም እማዬ ትገፋኛለች። እስማለሁ፤ ከንፈሬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ።

ዓመት ዞሮ ጥቅምት ሲመጣ ሜዳው ላይ ሌላ ኦፕሬተር ገባ፣ ከሩቅ የመጣ። ደቦ የሚባል ነገር ቀርቷል። አባባ ከቤታቸው ጀርባ የራሳቸው ጥቂት ሣር ነበራቸው፤ በመንሽ የሚወረውርላቸው ግን ጠፋ። አንድ ጠዋት አጥር ላይ ሆነው ጠሩኝ። "ሰርኬ፣ አባትሽን ጥሪልኝ።" አይሄድም ብዬ ነበር። ሄደ። በጠባሳ እጁ መንሹን ይዞ ቀኑን ሙሉ ወረወረላቸው፤ እሳቸው ተቀበሉ፣ ረገጡ፣ ዙሪያውን አስተካከሉ። ሁለቱም አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ክምሩ ተዘጋ።

አባዬ መንሹን አስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኑ ከተተ። ቆየ። አባባ ከላይ ሆነው አዩት።

"ምነው?" አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። "ይሞቃል እንዴ?"

ዓመቱን ሙሉ ያልጠየቁት ጥያቄ ነው። አባዬ እጁን አወጣ፣ ሣሩን አራገፈ፣ ቀና ብሎ አያቸው።

"ክምር ሁሉ ይሞቃል፣ አባባ" አላቸው።

አባባ እዚያ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው ጋቢያቸውን አጥብቀው ያዙ። አባዬ ገመዱን አሻግሮ ወረወረላቸውና የእሱን ጫፍ ወገቡ ላይ ጠመጠመ። ከዚያ በዚያ በተላጠ መዳፉ ትንሽ ትንሽ እያለ፣ እንደ ድሮው፣ እግራቸው መሬት እስኪነካ ድረስ ለቀቀላቸው።

ሰው እንደማይበር ያኔ አውቄያለሁ። እኔ ብሆን ገመዱን እለቀው ነበር።